የምናድርበት ቤት፣ የምንማረው ቋንቋ፦ በቻይና የተማሪ መኖሪያ ስለ ማግኘትና የቋንቋ ትምህርትን ስለ ማደራጀት

የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች የቀረበው በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የተደረገ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ በመጨረሻ ተካተዋል።



በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ከአንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲ የተላከላቸውን የመግቢያ ደብዳቤ ይዘዋል፤ በፊታቸው ላይ ደስታና ሥጋት ተቀላቅሎ ይነበባል። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «የት ነው የማድረው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይህን ቋንቋ በአንድ ዓመት እንዴት እችለዋለሁ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ እዚያ ያለ የአገር ልጅ ስልክ ቁጥር፣ ለሁለተኛው ደግሞ የጥሩ መጽሐፍ ርእስ ከእኔ ይጠብቃሉ።

እኔም ወደ ቻይና ለዶክትሬት ትምህርት በሄድኩበት ዘመን ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቼ ነበር የያዝኳቸው። ዋጋ ከፍዬ የተማርኩትና ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው ነገር እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ መሆናቸውን ነው። የምንኖርበት ቤት የምንማረውን ቋንቋ ይወስናል፤ የምናውቀው ቋንቋ ደግሞ የምናገኘውን ቤት ይወስናል። አንዱን ያለ ሌላው ያደራጀ ተማሪ ሁለቱንም ያበላሻል።

1. በቅድሚያ ሒሳቡን እንሥራ

በቻይና ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው የቋንቋ መርሐ ግብር በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ገደማ ነው። ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀትር ይሰጣል። አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ስለሆነ ድምሩ በሳምንት ቢበዛ 17 ሰዓት ቢሆን ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚተኛ ሰው በሳምንት 112 ሰዓት ነቅቶ ይውላል። 17ቱን ሰዓት ስንቀንስ 95 ሰዓት ይቀራል። ይህ 95 ሰዓት የሚያልፈው በማደሪያ ክፍል፣ በደረጃ ላይ፣ በወጥ ቤት፣ በሰፈር ሱቅና በአውቶቡስ ፌርማታ ነው። በእነዚህ ሰዓታት ጆሮአችን የሚሰማው ቻይንኛ ነው ወይስ አማርኛ? ይህን የሚወስነው መምህሩ ሳይሆን አድራሻችን ነው።

ነገሩ ከምቾት ጥያቄ በላይ መሆኑን ልብ በሉ። የቻይና መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በቻይንኛ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚከታተል ተማሪ፣ ቋንቋውን አስቀድሞ ካላወቀ በስተቀር፣ ወደ ዋናው ትምህርት የሚገባው የአንድ ዓመት የመሰናዶ ትምህርት ተከታትሎ ፈተናውን ሲያልፍ ነው። በድኅረ ምረቃ ደረጃ የቋንቋው ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት ሊደርስ ይችላል። ኤች ኤስ ኬ በሚባለው የቻይንኛ ችሎታ ፈተና ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሳይንስና ለምህንድስና 4ኛ ደረጃ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ 5ኛ ደረጃ ይጠይቃሉ። ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ በቆየው ባለ ስድስት ደረጃ አመዳደብ 4ኛው ደረጃ 1,200 ቃላት፣ 5ኛው 2,500 ቃላት ማወቅን ይጠይቃል። የመሰናዶውን ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ሆኖ ተመልሷል። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ስንፍና የማይታማበት። በመጣ ጊዜ ምን እንደ ገጠመው ጠየቅኩት። «መምህር፣ እዚያ ሆኜ ዓመቱን ሙሉ የኖርኩት አዲስ አበባ ነው» አለኝ። ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ቤት ኖሯል፤ ጧት ክፍል ገብቶ ከቀትር በኋላ ወደ አማርኛ ይመለስ ነበር። የዛሬውን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የእርሱ መልስ ነው።

2. ከመነሣት በፊት

የቻይና የትምህርት ዘመን የመጀመሪያው መንፈቅ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ ይከፈታል፤ ሁለተኛው ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ይጀምራል። የመንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይቀርባል። ማመልከቻው በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል፦ በመንግሥታት ስምምነት በኤምባሲ በኩል፣ ወይም በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ጋር። ቋንቋ ብቻ ለመማር የሚፈልግ ሰው በራሱ ወጪ ለአንድ መንፈቅ ወይም ለአንድ ዓመት መመዝገብ ይችላል። ለዓለም አቀፍ የቻይንኛ መምህራን የሚሰጠውም የትምህርት ዕድል ለቋንቋ ተማሪዎች ክፍት ነው። ይህን የሚያመለክት ሰው የኤች ኤስ ኬ ውጤት ማቅረብ ስላለበት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት መጀመር ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት ነው።

ከተማ ስትመርጡም የቋንቋውን ነገር አትርሱ። የመደበኛው ቻይንኛ አነባበብ በቤይጂንግ ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እንደ ሃርቢን ባሉ የሰሜን ምሥራቅ ከተሞች የምትሰሙትም ከክፍሉ ቻይንኛ ብዙ አይርቅም። በጓንግጆው ግን ገበያው ካንቶንኛ፣ በሻንጋይ ደግሞ ጎረቤቱ ሻንጋይኛ ሊናገር ይችላል። ይህ ማለት ወደ ደቡብ አትሂዱ ማለት አይደለም፤ የቤት አከራያችሁን አነጋገር መረዳት ሲያቅታችሁ ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ እንዳይመስላችሁ ነው። የአየሩም ነገር እንዲሁ ነው። በቤይጂንግ የቤቶች ማሞቂያ ከኅዳር ወር መግቢያ ገደማ፣ በእነርሱ ከኖቬምበር 15፣ እስከ ማርች 15 በማዕከል ደረጃ ይለቀቃል። ከቺንሊንግ ተራሮችና ከኋይ ወንዝ በስተ ደቡብ ባሉ ከተሞች ግን ይህ ሥርዓት በልማድ የለም። ስለዚህ በውኻን ያለ ክፍል በክረምት ከቤይጂንግ ክፍል የበለጠ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ብርድ የሚያጠናውን ሰው ያስተኛል፤ ክፍል ስትመርጡ ማሞቂያውን ጠይቁ።

3. አድራሻ ሕጋዊ ጉዳይ ነው

ከ180 ቀን በላይ ለሚማር ሰው የሚሰጠው ኤክስ 1 የተባለው ቪዛ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ትምህርት ኤክስ 2 ይሰጣል። ለቪዛው የመግቢያ ደብዳቤና ጄ ደብልዩ 201 ወይም ጄ ደብልዩ 202 የተባለው ቅጽ ይጠየቃል፤ የመጀመሪያው ለመንግሥት የትምህርት ዕድል፣ ሁለተኛው በራሳቸው ወጪ ለሚማሩ ነው። እነዚህንና የጤና ምርመራ ቅጹን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ እዚያ ስትደርሱ እንደገና ይፈለጋሉና።

በኤክስ 1 ቪዛ የገባ ተማሪ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ግዴታ አለ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የጸናው የቻይና የመግቢያና የመውጫ ሕግ በአንቀጽ 39 እንደሚደነግገው፣ ከሆቴል ውጭ የሚያድር የውጭ ዜጋ ወይም አሳዳሪው፣ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ያረፈ እንደ ሆነ ሆቴሉ ራሱ ያስመዘግበዋል። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ያረፈ ተማሪም አስተዳደሩ ይረዳዋል። ቤት የተከራየ ግን ራሱ መሄድ አለበት። በብዙ ቦታ ፓስፖርቱን፣ የኪራይ ውሉን፣ የአከራዩን መታወቂያ ቅጂና የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃ ቅጂ ይጠየቃል። እንደ ሻንጋይ ባሉ ከተሞች ምዝገባው በኢንተርኔትም ይፈጸማል።

ይህን ያላደረገ ሰው ማስጠንቀቂያና እስከ 2,000 ዩዋን መቀጫ ሊጣልበት ይችላል። የባሰው መዘዝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የምዝገባ ወረቀት የሌለው ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው ይሰናከልበታል፤ ፈቃዱ ካለፈበት ደግሞ በየቀኑ 500 ዩዋን፣ በጠቅላላው እስከ 10,000 ዩዋን ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ «አከራዩ ያስመዘግበኛልን?» የሚለው ጥያቄ «ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋልን?» ከሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት። አንዳንድ አከራዮች የኪራይ ግብርን በመሸሽ፣ አንዳንዶቹም ከፖሊስ ጋር መነጋገርን በመጥላት ምዝገባውን አይፈልጉም። እንዲህ ያለው ቤት የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ለውጭ አገር ተማሪ ቤት አይባልም።

4. የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ

የመጀመሪያውን መንፈቅ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ እንድታሳልፉ እመክራለሁ። ምዝገባው የቀለለ ነው፣ ክፍሉ ቅርብ ነው፣ ሕንጻውን የሚጠብቁ ሠራተኞችም ሌሊትና ቀን አሉ። የመንግሥት የትምህርት ዕድል ያላቸው ተማሪዎች ማደሪያ በነጻ ያገኛሉ። ከግቢ ውጭ እንዲኖሩ ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በወር 700 ዩዋን፣ ለዶክትሬት ተማሪ 1,000 ዩዋን የቤት ድጎማ ተደንግጓል።

ይሁንና ማደሪያው አንድ ከባድ ጉድለት አለው። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪዎች የሚኖሩበት ሕንጻ ከቻይናውያኑ የተለየ ነው። ቻይናውያን ተማሪዎች ለአራት ወይም ለስድስት በአንድ ክፍል ሲያድሩ፣ የውጭ ተማሪዎች ብቻቸውን ወይም ለሁለት ይኖራሉ። ይህ በአስተናጋጆቹ ዘንድ እንደ ክብር የታሰበ ነው፤ ለቋንቋ ተማሪ ግን አጥር ነው። በዚያ ሕንጻ የምትሰሙት ቻይንኛ የበረኛዋን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የበረኛዋን ቻይንኛ አትናቁ። እኔ በመጀመሪያው መንፈቅ ከማንም በላይ ያስተማሩኝ የማደሪያችን በረኛ የነበሩ አሮጊት ናቸው። በየምሽቱ «በላህ ወይ?» ይሉኛል፤ እኔም ምን እንደ በላሁ መናገር ነበረብኝ። ባልተስተካከለ ድምፅ ስናገር ደግመው ያስብሉኛል። በክፍል ውስጥ ያልያዝኳቸውን የምግብ፣ የአየርና የበሽታ ቃላት ያወቅኩት በዚያ በር ላይ ነው። እርሳቸው ደግሞ መምህር መሆናቸውን አያውቁም ነበር።

የክፍል ጓደኛ የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ ከእናንተ ጋር ከቻይንኛ በቀር ሌላ የጋራ ቋንቋ የሌለውን ሰው ምረጡ። ከካዛኽስታን ወይም ከቬትናም የመጣ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ተማሪ ለእናንተ የታደለ ጎረቤት ነው። ሁለታችሁም ትሳሳታላችሁ፤ ነገር ግን የምትሳሳቱት በቻይንኛ ነው።

5. ቤት መከራየት፣ ወይም ጣራና ንግግር

ከግቢ ውጭ ለመኖር የሚፈልግ ተማሪ በቅድሚያ የዩኒቨርሲቲውን ፈቃድ ያግኝ። ቀጥሎ ገንዘቡን ይቁጠር። በብዙ የቻይና ከተሞች የተለመደው አከፋፈል «ያ ዪ ፉ ሳን» ይባላል፤ አንድ ወር ማስያዣ፣ ሦስት ወር በቅድሚያ ማለት ነው። ደላላ ካለበት ኮሚሽኑ እስከ አንድ ወር ኪራይ ሊደርስ ይችላል። የወር ኪራዩ 2,500 ዩዋን ቢሆን ቁልፉን ለመረከብ ብቻ 12,500 ዩዋን ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የወር ድጎማ 2,500 ዩዋን መሆኑን ስታስቡ ይህ የአምስት ወር ገቢ ነው። የቤይጂንግ ቋንቋና ባህል ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በኻይዲያን ወረዳ፣ በተለይም ዉዳኮው በተባለው የተማሪ ሰፈር፣ ለአንድ ክፍል ከዚህም በላይ ይጠየቃል።

እንግዲህ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ቻይና በገባሁ በሰባተኛው ወር አንድ ክፍል አየሁ፤ ወደድኩት። ደላላው «ዛሬ ዲንግጂን ካልከፈልክ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ በመጽሐፌ ውስጥ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። 1,000 ዩዋን ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። በማግሥቱ አከራይዋ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንደማይሄዱ፣ የመታወቂያ ቅጂም እንደማይሰጡ ሰማሁ። «እንግዲያስ ገንዘቤን መልሱልኝ» አልኩ። ደላላው ደረሰኙን አሳየኝና «ውሉን የተውከው አንተ ነህ፤ ይህ አይመለስም» አለኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። በቻይንኛ «ዲንግጂን» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። አነባበባቸው፣ የድምፅ ቃናቸው እንኳ ሳይቀር፣ ፍጹም አንድ ነው። የሚለዩት በጽሑፍ ብቻ ነው። የአንደኛው የመጀመሪያ ፊደል በላዩ የጣራ ምልክት አለው፤ የሁለተኛው በጎኑ የንግግር ምልክት አለው። የንግግር ምልክት ያለው ተራ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ውሉ ካልተፈጸመ በመርሕ ደረጃ ይመለሳል። የጣራ ምልክት ያለው ግን ሕግ የሚያውቀው ዋስትና ነው። ከፋዩ ውሉን ካፈረሰ ገንዘቡን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቻይና የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ በአንቀጽ 586 እና 587 ደንግጎታል፤ መጠኑም ከዋናው ውል ዋጋ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

የሕግ ተማሪዎች ፈገግ ማለታችሁን አያለሁ። እውነት ነው፤ ይህ በ1952 ዓ.ም. በወጣው በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ካለው «ቀብድ» ጋር ተመሳሳይ ነው። ቀብድ የሰጠ ቢተው ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፍ ይከፍላል። እኔ በአገሬ ቋንቋ ጠንቅቄ የማውቀውን ነገር በሰው አገር በጣራ ምልክት ተሸፍኖ ሳየው አላወቅኩትም። አንድ ሺሕ ዩዋን የከፈልኩት ለአንድ ፊደል ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ደላሎችን አትመኑ» የሚል ብቻ አይደለም። መናገር የሚችል ግን ማንበብ የማይችል ተከራይ ግማሽ ዓይነ ስውር ነው። ብዙ ተማሪዎች «እኔ የምፈልገው ለመነጋገር ብቻ ነው፤ ፊደሉ ይቅርብኝ» ይላሉ። ውሉ ግን በፊደል ነው የሚጻፍ። ቤት ለመከራየት የምታስቡ ሁሉ ቢያንስ የሚከተሉትን ቃላት በጽሑፍ ለዩ፦ አከራይ፣ ተከራይ፣ ማስያዣ፣ ሁለቱን ዲንግጂን፣ ውኃ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ የውል ጊዜ፣ ውል ማፍረስ።

ውሉን በሚመለከት አራት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከ6 ወር በላይ የሚቆይ ኪራይ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ሕጉ ያዛል፤ በቃል የተደረገ ስምምነት ጊዜው ካልታወቀ ጊዜው እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ የሚያነጋግራችሁ ሰው ባለቤቱ መሆኑን አረጋግጡ። ከባለቤቱ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይ ሰው በቻይንኛ «ኧር ፋንግዶንግ»፣ ሁለተኛው አከራይ፣ ይባላል፤ ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደለት ከእርሱ ጋር የምታደርጉት ውል መሠረቱ የላላ ነው። ሦስተኛ፣ ሳሎኑ በቀጭን ግድግዳ ተከፋፍሎ የተከራየ ቤት እንደ ቤይጂንግ ባሉ ከተሞች የተከለከለ ስለሆነ፣ አስተዳደሩ በፈተሸ ጊዜ በአንድ ቀን ሊያስወጣችሁ ይችላል። አራተኛ፣ በገባችሁበት ቀን ክፍሉን ከነጉድለቱ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የቆጣሪዎቹንም ንባብ በውሉ ላይ አስመዝግቡ። ስትወጡ ማስያዣችሁን የሚያስመልሰው ይህ ነው።

6. የአማርኛ ጆሮ

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ። ቻይንኛ አራት የድምፅ ቃናዎችና አንድ ቀላል ቃና አሉት። «ማይ» የሚለው ክፍለ ቃል ዝቅ ብሎ ሲነሣ መግዛት፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መሸጥ ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ «ይህ ለእኛ የማይቻል ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም።

አማርኛ ቃና የለውም፤ ነገር ግን ጽሑፉ የማያሳየውን ድምፅ የመለየት ልማድ አለን። «ገና» የሚለውን ቃል ስናላላው «እስካሁን» ማለት ነው፤ ስናጠብቀው የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉ ይህን አይነግረንም፤ እኛ ግን አንስትም፤ ቃሉን ከነጥብቀቱ በአንድነት ስለ ተማርነው ነው። ቻይንኛንም እንዲሁ መያዝ ይገባል። ቃሉን አስቀድሞ ይዞ ቃናውን በኋላ ለመለጠፍ የሚሞክር ተማሪ አይሳካለትም። ቃናው የቃሉ አካል ነው፤ ጥብቀት የ«ገና» አካል እንደ ሆነ ሁሉ።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ቻይንኛ ትንፋሽ የሚወጣባቸውን ድምፆች ከማይወጣባቸው ይለያል። የእኛ ተማሪዎች ጠንካራ ድምፅ ሲሰሙ ወደ «ጠ»፣ ወደ «ጰ» እና ወደ «ጨ» ይወስዱታል። እነዚህ የእኛ ፈንጂ ድምፆች በቻይንኛ የሉም። ወረቀት በአፋችሁ ፊት ያዙ፤ በቻይንኛው «ተ» ወረቀቱ መንቀጥቀጥ አለበት። በ«ጠ» አይንቀጠቀጥም።

ይህን ሁሉ ግን ክፍል ውስጥ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማዋሃድ ደግሞ ሌላ። ማዋሃጃው ቤት ነው። በአንድ ሱቅ ብቻ ግዙ፤ ባለሱቁ ያውቃችኋል፣ ያነጋግራችኋልም። ፀጉራችሁን በአንድ ሰው ዘንድ ተቆረጡ። አምፖል ሲቃጠል ለጓደኛ ከመደወል ለአከራዩ ደውሉ። የቤት ኪራይ ውላችሁን ከቋንቋ መምህራችሁ ጋር እንደ ምንባብ አጥኑት፤ ከዚያ የተሻለ የንባብ ትምህርት አላየሁም።

7. ስለ አገር ልጅ

እስካሁን የተናገርኩት «ከኢትዮጵያውያን ሽሹ» የሚል እንዳይመስላችሁ እሠጋለሁ። በእንቁጣጣሽ ማግሥት በማታውቁት ከተማ ስትነቁ፣ ሽሮ የሸተተበት ክፍል ምን ማለት እንደ ሆነ እኔም አውቃለሁ። በታመምኩ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰደኝ የአገሬ ልጅ ነው። ብቸኝነትም እንደ ድንቁርና ሁሉ ትምህርትን ይገድላል።

የምለው እነሆ፦ ከአገር ልጅ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ብሉ፤ በየቀኑ አብራችሁ አትደሩ። ቀድሞ የሄደ ተማሪ ለአዲሱ ሊያደርግለት የሚገባው ትልቅ ውለታ ክፍሉን ማካፈል ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መሸኘት፣ ውሉን አብሮ ማንበብ፣ ከዚያም ከአንድ ቻይናዊ ጓደኛው ጋር ማስተዋወቅ ነው። ያ የቀድሞ ተማሪዬ ደጎች ጓደኞች ነበሩት፤ ሁሉን ነገር ሠሩለት። ገበያ ሄዱለት፣ ተረጎሙለት፣ ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩለት። በደግነታቸው ምክንያት አንድ ቀን እንኳ ቻይንኛ ሳያስፈልገው ዓመቱ አለቀ።

ውድ ተማሪዎች፣ የምትሄዱበት ቤት በር ላይ ስትቆሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እዚህ ብኖር በየቀኑ ማንን በቻይንኛ ማነጋገር ግዴታ ይሆንብኛል?» መልሱ «ማንንም» ከሆነ፣ ቤቱ ቢያምርም፣ ርካሽም ቢሆን፣ ሌላ ፈልጉ።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእኔ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነው። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከተኛል?

መልስ፦ ይመለከትሃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቻይና የውጭ ተማሪዎች ደንብ የቻይንኛ ቋንቋንና ስለ ቻይና አጠቃላይ ዕውቀት የሚሰጠውን ትምህርት በዲግሪ መርሐ ግብሮች የግዴታ ኮርሶች አድርጓቸዋል። ከዚያም በላይ ትምህርትህ በእንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ የቤት ውልህ፣ የፖሊስ ምዝገባህና የሐኪም ቤት ወረቀትህ በቻይንኛ ነው። እንዲያውም ከሌላው ይልቅ የምትቸገረው አንተ ነህ፤ የመሰናዶ ዓመት አልተሰጠህምና።

ጥያቄ፦ ከመሄዴ በፊት ከዚሁ ሆኜ ቤት ብከራይ አይሻልም? ማደሪያው ሞልቷል ተብያለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ያላየሽው ቤት ላይ ገንዘብ አትላኪ። በፎቶግራፍ ብርድ አይታይም፤ የባለቤቱም ማንነት አይታወቅም። በቅድሚያ ለዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጽፈሽ በተጠባባቂነት እንዲመዘግቡሽና የሚያውቁት አከራይ ካለ እንዲጠቁሙሽ ጠይቂ። ስትደርሺ ለጥቂት ቀን ሆቴል እረፊ፤ ሆቴሉ ያስመዘግብሻል፣ ሕጋዊነትሽም ይጠበቃል። በእነዚያ ቀናት ሦስት አራት ቤት በእግርሽ ሄደሽ እዪ። ለእያንዳንዱም አከራይ ከዋጋው በፊት ስለ ምዝገባው ጠይቂ። ገንዘብ ስትከፍዪ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ያለውን ፊደል ተመልከቺ፤ ጣራ ካለው ቆም በዪ።